በሽማግሌ የተቀላቀለ ዘይት

የባሌን ታላቅ ወንድም አልወደውም። ይህን የሚያነብ ሰው ፍርደ ገምድል ነሽ ለማለት እንዳይደክም ቀድሜ እናገራለሁ። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ አንቱ እለዋለሁ፤ ሲገባም ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው።

ባሌ ሲሞት ሁለት ነገር ትቶልኝ ሄደ፤ አንድ አሮጌ ፒካፕና ይህን ወንድሙን። ፒካፑ በዕድሜ ከትዳራችን ይበልጣል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የቆመው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ሥራው ከዘመሮ ገብስና ባቄላ ጭኖ ቁልቁል ወደ ዓለም ከተማ ገበያ መውረድ፣ ከዚያ ጤፍና ማሽላ ጭኖ ሽቅብ መመለስ ነው። ባሌ ይነግድ ነበር፣ ወንድሙ ይነዳ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጆንያ እሰፋ ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ እሱ መሪው ላይ እንደሚቆይ፣ እኔም ጆንያዬን እየሰፋሁ የሚሰጠኝን እንደምቀበል ዘመዱ ሁሉ በልቡ ጨርሶት ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ሄጄ ከረምኩና መንጃ ፈቃድ ይዤ መጣሁ። ሙት ዓመቱ በወጣ ማግስት ቁልፉን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት።

ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ግን፣ ከድግሱ የተረፈውን ጠላ የሚጠጡ ሰዎች እየሰሙ፣ "ይሄ ሞተር በእጅሽ ይሞታል" አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሞተሩ ነገር ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሞተሩ ከቆመ ገቢዬ ይቆማል፤ ያንን እችለዋለሁ። የማልችለው እሱ እውነት ተናጋሪ ሆኖ በከተማው መሀል ሲሄድ ማየቱን ነው።

ሞተሩ አርጅቷል፤ ይህን አልክድም። ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ ተበልቶ ስለላላ ዘይቱ በየክፍተቱ ሾልኮ ከናፍጣው ጋር ይቃጠላል፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ ዳገት ላይ ሲግል ያንኳኳል። እንዲህ ላለ ሞተር ምን ዓይነት ዘይት ይሻላል ብትሉ የእኛ አገር ሾፌር መልሱ አንድ ነው፦ ወፍራም። ወፍራም ዘይት ክፍተቱን ይሞላል፣ ጭሱን ይቀንሳል፣ ኳኳታውን ያለዝባል። ዋርሳዬም፣ ያው የባሌ ወንድም፣ ሃያ ዓመት የኖረው በዚህ ሃይማኖት ነው። ሱቅ ሲገባ የጀሪካኑን ጽሑፍ አያነብም። ቅቤ እንደሚገዛ ሰው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያሸዋል፣ ጣቶቹን ከፍቶ ክሩን ያያል፤ ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ "ይሄ ውሃ ነው" ብሎ ይመልሰዋል።

እኔ ጽሑፉን አነባለሁ። ጀሪካኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። የፊተኛው የብርዱ ነው፤ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይፈስሳል። የኋለኛው የሙቀቱ ነው፤ በበዛ መጠን ዘይቱ ሲግል ውፍረቱን ይጠብቃል። ይህን ያስተማረኝ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ጋራዥ ነው፤ የቀረውን ከስልኬ ላይ አይቻለሁ። ዋርሳዬ የሚፈልገው ሃያ ሃምሳ የሚባለውን ነበር፤ እኔ አስራ አምስት አርባን። የእሱ ለቆላው ጥሩ ነው። እኛ ግን የምንተኛው ቆላ አይደለም። ጠዋት ዘመሮ ላይ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ከጓሳ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ረፋዱ ላይ ቆላው ወንዝ ዳር ስንደርስ ሹራብ እናወልቃለን። አንድ ሞተር በአንድ ቀን ሁለቱንም ያያል።

ለብርዱ ባሌ ያስለመደን አንድ ዘዴ ነበር። መኪናው ማምሻውን ሲቆም የሞተሩን ክዳን ባና እናለብሰዋለን። ባና እዚሁ መንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ ብርድ ልብስ ነው፤ የእኛ ባና ለሠርጋችን የተሰጠን ነው። ጠዋት ደግሞ በብረት ድስት ፍም አድርገን ኮፓው ሥር፣ ዘይቱ የሚተኛበት ጎድጓዳው ብረት ሥር፣ ጥቂት እናቆያለን። ከዚያ ቁልፉን አዙሬ ቀዩን የዘይት መብራት እያየሁ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። መብራቱ የሚጠፋው ዘይቱ እስከ ሞተሩ አናት ሲደርስ ነው። በዋርሳዬ ዘይት መብራቱ እስከ እንጀራው ልመና ድረስ ይቆይ ነበር። በእኔ ዘይት ግን ጸሎቱን ገና ስጀምር ድርግም ይላል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን እንደሚፈልጉ አላውቅም።

አንድ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። የእኔ ዘይት በጠዋት ጎበዝ ነው፤ ከገበያ ስመለስ ግን፣ ሙሉ ጭነት ይዤ ዳገቱን ስወጣ፣ ያው ቀይ መብራት ብልጭ ይልብኝ ነበር። ሞተሩም ከሃያ ሃምሳው ይልቅ ይበላዋል፤ በየገበያው እጨምርበታለሁ። ዋርሳዬ ይህን ቢሰማ ኖሮ ድግስ ይደግስ ነበር።

አልሰማም፤ ጭሱን ግን አየ። አንድ ቀን ጥላ ሥር ቆሜ ሳራግፍ ሳያስፈቅደኝ ክዳኑን ከፈተ፣ የዘይት መለኪያዋን መዘዘ፣ በጣቶቹ አሸት አደረገና እጁን በሱሪው ጠረገ። ቀጥታ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ፣ ይህቺ ሴት የወንድሜን መኪና በውሃ እየገደለችው ነው፣ ሞተሩን ሁለት ጊዜ በእጄ ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ስለሆንኩ ድርሻ አለኝ ብሎ ከሰሰኝ።

ስለ ሞተር ዘይት ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል፤ ብቸኝነት ይሰማኛል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንደኛው ቄስ ናቸው፤ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፤ ሦስተኛው በግ አርቢ ሲሆኑ በእግራቸው ካልሆነ የትም ሄደው አያውቁም። ሦስቱም መሪ ጨብጠው አያውቁም። ሁለታችንም የየራሳችንን ዘይት በሲኒ ይዘን እንድንቀርብ ታዘዝን። ቄሱ አሸተቱት። በግ አርቢው በጣታቸው እያሹ ብዙ ቆዩና የበግ ላት ይሻላል እንዳይሉ ፈራሁ። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ጻፉ፤ ደመሩ፤ ለሁለት አካፈሉ። አስራ ሰባት ተኩልና አርባ አምስት ወጣላቸው። በጣም ደስ አላቸው።

ፍርዱ ከዚያ ወረቀት ወጣ። መኪናው የአንድ ቤት ነው፤ ዘይቱም የአንድ ቤት ይሁን፤ እሷም ግማሽ ታምጣ፣ እሱም ግማሽ ያምጣ፣ እኛ ባለንበት ይቀላቀል አሉ። ለሚመጣው ገበያ ቄሱ ጋቢና ተቀምጠው አብረው ይወርዳሉ። ከሁለታችን የአንዳችን ዘይት ሞተሩን ከጎዳው፣ ያ ሰው ከመኪናው እጁን ጨርሶ ያነሳል፤ ዳግም ሞተሩን አይነካም፣ ድርሻም አይጠይቅም።

የመሬትን ድንበር እንዲህ ያስታርቁታል፤ የበግን ካሣ እንዲህ ያስታርቁታል፤ ለእነሱ ዘይቱም ሌላ ድንበር ነበር። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ሽማግሌ የረገጠች ከተባልኩ በማግስቱ ገብሱን እኔ መኪና ላይ የሚጭን ሰው አይኖርም። ደግሞም የፍርዱ ጅራት ማረከኝ። "እጁን ጨርሶ ያነሳል" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

በገበያው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ግቢዬ መጡ። አሮጌውን ዘይት ቀድሜ አፍስሼዋለሁ። መጀመሪያ የእኔን ግማሽ ከታሸገ ጀሪካን ጨመርኩ። ከዚያ እሱ የራሱን አመጣ፤ ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ አሮጌ ቢጫ ጀሪካን ነው። ታችኛው ጫፉን የቆረጠውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞተሩ አፍ ላይ ዘቅዝቆ ይዞልኝ ቆመ፤ እኔ ጀሪካኑን አነሳሁ፤ ጨርቁን ነቀልኩ።

ሽታውን ወዲያው አወቅሁት። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ነው። ባሌ ካምቢዮ፣ የማርሹን ሳጥን፣ ፈትቶ በዋለ ቁጥር ሁለት ቀን ከእጁ አይለቅም ነበር፤ በሎሚና በአመድ ካልታጠብክ ከእኔ ጋር አትበላም እለው ነበር። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ሃያ ሃምሳ አይደለም። መቶ አርባ የሚሉት ነው፤ የካምቢዮና የኋላ አክስል ዘይት። ፀሐይ ላይ እንኳ እየተጎተተ ነው የሚወርደው፤ በውርጭ ጠዋት ጨርሶ አይፈስም። አንዳንድ የድሮ ሾፌሮች የሚያንኳኳ ሞተር ዝም እንዲል ጠብ ያደርጉበታል። እሱ ያመጣው ጠብታ ሳይሆን ግማሽ ኮፓ ነው።

ቀና አልኩ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያያሉ፤ መምህሩ ወረቀታቸውን ይዘዋል፤ በግ አርቢው አጥሬን ይመረምራሉ። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ ስለሆነ ሽታው አልደረሳቸውም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጬ አባ ይህን ያሽትቱልኝ ብል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር፤ እሱ ያፍር ነበር፣ ትንሽ ይሳቅበት ነበር፣ ሌላ ዘይት አምጣ ይባል ነበር። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ክዳኔን ከፍቶ መለኪያዬን ይመዝ ነበር።

ይህን አሰብኩና ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ደስታ ባሌ ከሞተ ወዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ጀሪካኑን አዘንብዬ እስከ መጨረሻው ቀዳሁት፤ ወፍራም ስለሆነ ለመውረድ ጊዜ ወሰደ፤ እሱም ጠርሙሱን ሳያንቀጠቅጥ ያዘልኝ። ቄሱ ባረኩና ሄዱ። ማምሻውን ባናውን እንደ ወትሮው ይዤ ወጣሁ፤ ክዳኑ አጠገብ ትንሽ ቆሜ ይዤው ተመለስኩ።

ጠዋት ውርጩ ወርዶ መስታወቱ ነጭ ሆኖ አደረ። ፍምም አላስቀመጥኩም። ቄሱ በጋቢያቸው ተጀቡነው ጋቢና ገቡ፤ ዋርሳዬ ሊሸኘን ይሁን ሊያሸንፈን አጥሩ በር ላይ ቆመ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ አቃሰተና ተነሳ፤ መብራቱ በራ። አባታችን ሆይ ጀመርኩ። እንጀራውን አለፍኩ። ይቅርታው ላይ ደረስኩ፤ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ እፈጥናለሁ፣ ያን ቀን ይበልጥ ፈጠንኩ። አሜን ብዬ ጨረስኩ። መብራቱ እንደ በራ ነው። እንደገና ጀመርኩ።

"ሲሞቅ ይጠፋል፤ ንጂ" አለኝ ከበሩ።

ያን ጊዜም ማጥፋት እችል ነበር። "እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ" አልኩት፣ ቄሱ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ ማርሽ አስገባሁ።

ከከተማው ወጥተን ሜዳውን ግማሽ እንኳ አልተጓዝንም። መጀመሪያ ከወትሮው የተለየ ኳኳታ መጣ፤ የለመድኩት ዓይነት ሳይሆን ብረት በብረት የሚፋጭበት። ቄሱ ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ኧረ አባ እንዲህ አያውቅም አልኳቸው። ቀጥሎ ጉልበቱ ከዳ። ከዚያ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተጣብቆ ቆመ፤ ጆንያዎቹ ወደ ፊት መጥተው ጋቢናውን መቱት። ከዚያ በኋላ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ቄሱ በስመ አብ ብለው አማተቡ፤ ደህና ናቸው። መሪውን እንደ ጨበጥኩ ቀረሁ። የጠበቅሁት ደስታ ይመጣል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

በጭነት መኪና ተጎትተን ተመለስን። ሽማግሌዎቹ ግቢዬ ተሰበሰቡ፤ የከተማው መካኒክ መጥቶ ኮፓውን ፈታ። ዘይቱ የቀዘቀዘ አጥሚት መስሎ እየተቆረጠ ወረደ፤ ሽታውም ግቢውን ሞላው። በግ አርቢው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ያዙ። መካኒኩ ገና ሳይጠየቅ፣ ይሄ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ እስከ ላይ አልደረሰም፣ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች ደርቀው ተበልተዋል፣ ይህ ሞተር ከእንግዲህ አይጠገንም አለ።

ዋርሳዬ አልካደም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፤ ቢክድ ደስ ይለኝ ነበር። መቶ አርባ መሆኑን፣ ለደከመ ሞተር ደግ መሆኑን፣ ወንድሙ በሕይወት ሳለም አንዳንዴ ትንሽ ጠብ ያደርግበት እንደነበር፣ አሁን ግማሽ አምጣ ስለተባለ ግማሽ ማምጣቱን ተናገረ። ሲናገር የሚያየው ሽማግሌዎቹን ሳይሆን መሬት ላይ የተቆለለውን የሞተር ብረት ነው።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ስትቀጂው አልሸተተሽም?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር አባ" አልኳቸው።

መስቀላቸውን እንደያዙ ትንሽ አዩኝና አመኑኝ። ፍርዱ አጭር ነበር፤ ዘይቱ የእሱ ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ ነው፤ በተባለው መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ከመኪናው እጁን ያነሳል። መምህሩ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ለእኔም ማጽናኛ ይሁን ብለው፣ የተቀላቀለው ትክክለኛው ዘይት ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ይሠራ ነበር አሉኝ።

ሁሉም ወጡ፤ እሱ ግን ቆየ። በሰው ፊት ያላለኝን አሁን ይለኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ሞተሩ በእጅሽ ይሞታል ብዬሽ አልነበር ይለኛል፤ እኔም የምመልስለትን አዘጋጀሁ፤ ብዙ ነበር፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት። እሱ ግን ወደ ፒካፑ ሄደና መዳፉን ክዳኑ ላይ አደረገ። ከወንድሙ ጋር ያንን ክዳን ስንት ጊዜ እንደከፈቱት እኔም አውቃለሁ። ዓይኑ ቀልቷል። አልቅሶ ከሆነ መቼ እንዳለቀሰ አላየሁም።

"እኔ ኳኳታው እንዲያርፍለት ብዬ ነው" አለ። ከዚያ ሳያየኝ፣ "አንቺ ባናውን ለምን አነሳሽበት?" አለኝ።

ጠዋት አጥሩ በር ላይ ቆሞ ክዳኑ ራቁቱን ማደሩን አይቶ ነበር። ውርጩ ክዳኑ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ አይቷል። አይቶ፣ አስቦበት፣ ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ ጠብቆ ነው የጠየቀኝ።

"ቤት ውስጥ በርዶኝ ነው፣ ጋሼ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳ፤ ልክ እንደተፈረደበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግቢዬን ረግጦ አያውቅም። እኔ ገብሴን በሰው መኪና አስጭኜ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ገበያ እወርዳለሁ። ፒካፑ ባለበት ቆሟል፤ ጎማው ተንፍሷል፤ ድርሻ የሚጠይቀኝም የለም። የእኔ ብቻ ነው።